ጆሮ መድፈኛሽ ላይ ስለቀባሁት ቅቤ

መሲ፣

የጆሮ መድፈኛሽን በለብታ ውሃና በሳሙና አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቻለሁ። ሳይደርቅ ማስቀመጫው ውስጥ አትክተቺው። ጆሮሽ ሳይድን ደግሞ አታድርጊው፤ ብየዳ ቤቱም ይቅርብሽ። አያትሽ ይገዙ እዚያው ብረት ሲቀጠቅጥ ደንቁሮ አይደል የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ የሞተው?

የመድፈኛውን ትንሹን ቁጥር የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ። የእናትሽ ጆሮ ነው ያለሽ፤ ጠባብ፣ ምክር የማይገባበት።

አልገባ ብሎ ሲያስቸግርሽ ጠዋት ጠዋት ሳትነሺ መድፈኛውን ቅቤ እቀባልሽ ነበር። ጆሮሽን ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ብታስገቢው ኖሮ ቅቤም ባላስፈለገው ነበር።

ሐኪሙ «በቆሻሻ እጅሽ እየነካካሽው ነው ጆሮሽ ያመገለው» ብሎ ሲያዋርድሽ አጠገብሽ ነበርኩ።
ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ አላልኩም።

ዛሬ ቀጠሮሽ ላይ አብሬሽ አልሄድም፤ ዓለም ባንክ ሰፈር አክስትሽ ጋ ነኝ። የቅቤውን ነገር አንቺው ንገሪው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልሰደብም።

አያትሽ ወለተጻድቅ