የተገለበጠው ባቄላ

የካቲት 4
ትራክተሩ ዛሬ የወንዝ ዳሩን ማሳ ገለበጠው። ባቄላው አበባ ላይ እያለ... ከነነፍሱ አፈር ገባ። የባለቤቴ ሐሳብ ነው። "መሬቱ ደክሟል፤ እኛን ሲያበላ ኖሮ የለ? አንድ ዓመት እሱም ይብላ" አለች። እሺ አልኩ። ደግነቱ ጎረቤታችን አልነበረም። ወሬ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ነው የምንለው። ቢያይ ኖሮ እስከ ማታ አገር ይሰማ ነበር።

የካቲት 9
የድጎማ ተቆጣጣሪው መጣ። መንግሥት የሚደጉመው የተዘራ ማሳን ብቻ ነው፣ ሰብሉ ለመሬቱ ቢገለበጥም ይቆጠራል፤ ስለዚህ እየዞረ ያያል። ከመዝገብ መፋቅ ስለሚወድ ላጲስ ብለነዋል። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች። ሬዲዮ አጥሩን ተደግፎ ጆሮውን ቀስሯል።
"ይሄኛው ባዶ ነው እንዴ?" አለ ላጲስ።
ባቄላ ዘርቼ፣ አንድ ፍሬ ሳልቀምስ ቀበርኩት ልበል? ሬዲዮ እየሰማ?
"ዘንድሮ ጦሙን አድሯል" አልኩ።
ጻፈና ሄደ። ምን ነካኝ... የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የካቲት 22
ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ተደወለ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ከድጎማው ወጥቷል። ያ ገንዘብ ከሌለ ለሚመጣው ዘርና ለነዳጅ የሚሆን የለንም። ማሳውን ለሬዲዮ ማከራየታችን ነው። ከዚያ በኋላ ይመለሳል? እንጃ።
ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ...
"ወሬ ፈርተህ?" አለች። ብትጮኽብኝ በተሻለኝ።
"ሄደህ እውነቱን ንገራቸው።"
"ዋሽቻለሁ ብዬ? ሞቼ ነው ቆሜ።"
"እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።"

የካቲት 23
ጠዋት አካፋ ይዛ ማሳ ወረደች። አንድ ትልቅ ጓል አውጥታ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አደረገችና አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔም ተከተልኩ። ሳፋውን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች።
እርሻ ጽሕፈት ቤት ስንደርስ የላጲስ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገችው። አፈሩ ወረቀቱ ላይ ተበተነ። ቢሮው ሙሉ ባለጉዳይ ነው፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።
"እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"
"ባሌ ጦሙን አደረ ያለህ ማሳ። ፈልፍለህ እየው።"
ይቆጣል ብዬ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ጓሉን ለሁለት ሰበረው። የባቄላ አገዳ... ሥር... የጠቆረ አበባ ሳይቀር። አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።
"አባባ፣ ታዲያ ለምን እንዲያ አሉኝ?"
"አፍሮ ነው" አለች እሷ። "እህል ቀበረ እንዳይሉት። እሱ ይሳሳት፣ ማሳው ምን አጠፋ?"
አልሸፈነችኝም፣ አላዋረደችኝም። እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣች? ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር የት ነበርኩ?
ላጲስ ሳቀ። "መጥቼ ራሴ ቆፍሬ አያለሁ" አለ። ሰውየውን በከንቱ ነው ያማነው።

መጋቢት 1
መጣ። እሱ በመረጠው ቦታ ሁሉ ቆፈረ። በቆፈረበት ሁሉ ባቄላ። ባለቤቴ ከአጠገቡ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ... ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ። በዚህ ዕድሜ!

መጋቢት 19
ድጎማው ገባ። ዘሩን ገዛን። ማሳው አይከራይም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች።

ሚያዝያ 6
የሚመጣው ዓመት ምዝገባ ዛሬ ነበር። ባለቤቴ ቤት ቀረች፤ ጉልበቷን አሟታል። ላጲስ እስክሪብቶውን አነሳ።
"አባባ፣ የወንዝ ዳሩ ማሳ አራሽ ያው እርስዎ ነዎት አይደል?"
ሠላሳ ዓመት አዎ ስል ኖሬያለሁ።
የባለቤቴን ስም አስጻፍኩ። ሬዲዮ ከኋላዬ ተሰልፎ ስለነበር፣ በደንብ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት።