ስምንቱ የጋሪ ምልልስ

ኅዳር 4

ብርድ። የጓሮው ቧንቧ እስከ ሁለት ሰዓት አልወርድም አለ። ሰባት አልጋ ተለቀቀ፣ ሁለት ፎጣ ጠፋ… ለሆቴል ጽዳት ኃላፊ ከዚህ የበለጠ ምን ዜና አለ?

ኦቦ ኢታና እንደ ወትሮው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጋሪያቸውን ይዘው በኋላ በር ቆመዋል። ሰዓት አክባሪው እንኳ ፈረሱ ነው፤ ቦራ። እሳቸው ቢተኙ ብቻውን መጥቶ የሚቆም ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው። "አካም ቡልቴ፣ ሰሚያ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቃሉ፣ በርሜሎቹን ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ።

ሐጂ ወዚር ከአዲስ አበባ ተመለሱ። የሆቴላችን ባለቤት ከአዲስ አበባ ባዶ ዓይናቸውን ተመልሰው አያውቁም፤ የሆነ ነገር አይተው ነው የሚመጡት። አምና ያዩት ፏፏቴ ነበር። ደጃፋችን ላይ ተሠራ፤ ዛሬ የድመቷ መጠጫ ነው። ዘንድሮ ያዩት ደግሞ የቆሻሻ መጭመቂያ ማሽን ነው።

"ሰሚያ፣ ጥናት ጻፊልኝ። ጥቅሙን።"

"ጉዳቱንስ ሐጂ?"

"ጥቅሙን አልኩሽ።"

እሺ። ለካ ጥናት የሚጀመረው ከመልሱ ነው።

ኅዳር 6

ብሮሸሩን ሰጡኝ። አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ማሽኑ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሻሻ አጠገብ ቆሜ አንድ ቀን እንዲህ ስቄ አላውቅም። ምን አጉድዬ ይሆን?

ጥቅሙ ብዙ ነው። ቦታ ይቆጥባል። ሽታ፣ ዝንብና አይጥ ይቀንሳል። ግቢ ያምራል። አሥር ከረጢት ገብቶ አንድ እስር ሆኖ ይወጣል። ማመላለሻም ይቀንሳል… የሚያናድደው፣ ሁሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ስንት ምልልስ ይቀንሳል? አሰብኩ። ኦቦ ኢታና በቀን አንዴ፣ ቅዳሜ ለሠርጉና ለስብሰባው ሁለቴ። በሳምንት ስምንት። ጻፍኩ፦ "በሳምንት ስምንት የነበረው የጋሪ ምልልስ ወደ አንድ ዝቅ ይላል።" ደግሜ አነበብኳት። አማረችኝ። ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ አሰመርኩባት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሮቤ ከዳር እስከ ዳር ጭስ በጭስ ናት። ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ እኛ ብቻ ተከለከልን። "ማሽን ያለው ሰው አያቃጥልም" ብለዋል ሐጂ። ማሽኑም በዚሁ ጭስ መሀል በአይሱዙ ተጭኖ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ደረሰ። አረንጓዴ ነው። ዱዓ ተደረገ፣ በግ ታረደ። የበጉን ፈርስ ኦቦ ኢታና በጋሪ ይዘውት ሄዱ።

የት ይቀመጥ? እኔ ጓሮ አልኩ። ሐጂ ከፏፏቴው አጠገብ አሉ። "እንግዳ ይየው እንጂ! ለጓሮ ነው ይህን ያህል የደከምኩት?"

ስለዚህ ከእንግዲህ የወጥ ቤቱ ቆሻሻ በእንግዳ መቀበያው በኩል ያልፋል፣ እንግዶቹን ሰላም ይላል፣ ከዚያ ደጅ ይወጣል። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው።

ኅዳር 15

ቴክኒሻን መጥቶ አሠለጠነን። በሩ ካልተዘጋ አይሠራም። እጅ አይገባም። ጠርሙስ አይገባም። አደጋ ከመጣ ቀዩን ቁልፍ መጫን። ደህና ልጅ ነው፣ ደጋግሞ አስረዳ።

"ምግብስ?" አሉ አዴ ጤቤ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጥያቄ ከጠየቁ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም።

"እሱ እንኳ… ይሄኛው የተሠራው ለደረቅ ነገር ስለሆነ…" ብሎ ጀመረ።

ሐጂ አቋረጡት። "ሁሉም ይገባል። ስምንቱ ምልልስ አንድ ይሆናል፤ ጥናቱ ላይ አለ።"

ቴክኒሻኑ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ፏፏቴው አየሁ።

ወጥ ቤቶች ለማሽኑ ስም አውጥተውለታል። ሆዳሙ።

ኅዳር 17

"ለጋሪው ሰውዬ የስንብት ደብዳቤ ጻፊ" አሉ ሐጂ።

በጥናቴ ስምንት ብዬ ስጽፍ ምን መስሎኝ ነበር? ስምንቱ ምልልስ ሰው የሌለበት? ቁጥር ብቻ?

"ለአቶ ኢታና" ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። የአባታቸውን ስም አላውቅም። ለዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም እያሉኝ። ወጥቼ መጠየቅ አፈርኩ። ሰረዝኩና "ለጋሪ አገልግሎት ሰጪ" ብዬ ጻፍኩ። ቢሮክራሲ ለአፋር ሰው የተሠራ ነገር ነው።

ወስጄ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት። "መነጽሬን አልያዝኩም። አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። የገዛ እጄን ጽሑፍ፣ ቆሜ፣ ፊት ለፊታቸው። "ስለ እስካሁኑ ትብብርዎ እናመሰግናለን" የምትለዋን ልዝለላት ብዬ ነበር፤ አመለጠችኝ።

"ኤዬ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ቆይተው "ለቦራስ ማን ይነግረዋል?" አሉ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የቀልድ አልነበረም።

ኅዳር 18

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጆሮዬ የኋላውን በር ሲጠብቅ ያዝኩት።

ኅዳር 23

እውነቱን ልጻፍ፤ ማንም አያነበውም። ሆዳሙ ጎበዝ ነው። የሳምንት ካርቶንና ሃይላንድ ዋጠ፣ አጉረመረመ፣ አንድ እስር አድርጎ ተፋው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ኋላ ያለው ክምር የለም። አይጦቹም ሌላ ሆቴል ሳይይዙ አልቀሩም። መብራት ሲጠፋ ብቻ አፉን ከፍቶ ይውላል፣ እንግዶችም አብረውት ፎቶ ይነሣሉ።

አዴ ጤቤ ግን አንዲት እንጀራ አላስገባም ብለዋል። "እህል ከሶፍት ጋር አይጨፈለቅም። እጄ እሺ አይለኝም።"

"ሐጂ ሁሉም ይግባ ብለዋል እኮ።"

"ሐጂ መጥተው ያስገቡዋ።"

ፍርፋሪና ልጣጩ በበርሜል ወጥ ቤት ውስጥ ተደረደረ። አዴ ጤቤ ከበርሜሉ እየጨለፉ ለጎረቤት በፌስታል ያድላሉ፤ አያልቅም። ስቆጥረው አምስት በርሜል ነው። አምስት… የሆነ ነገር ውል አለኝ። ተውኩት።

ታኅሣሥ 1

ወተት አቅራቢያችን ፈርዶሳ የላከችው ወተት ግማሽ ነው። ሐጂ ማኪያቷቸውን በዱቄት ወተት ጠጡ። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። ስለ ማኪያቶ ጥናት ሊያዙኝ ነው ብዬ ሸሸሁ።

ታኅሣሥ 5

ወተት ጭራሽ ቀረ። ባጃጅ ይዤ በጎባ መንገድ ፈርዶሳ ቤት ሄድኩ። አራት ላሞች አሏት። ለሆቴላችን ወተት ማቅረብ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በረቱ ደጃፍ ላይ ፉርሽካ እያሸች አገኘኋት።

"ምን አጠፋን ፈርዶሳ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ኢታናን ያስቀራችሁት እናንተ።"

"ኢታና ከወተት ጋር ምን አገናኛቸው?"

ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ እያየሁ እንግዳ የምታዘበው እኔ ነበርኩ። "በሳምንት አምስት ቀን የእናንተን ፍርፋሪና ልጣጭ የሚያመጣልኝ ማን ነበር? ላሞቼ በፉርሽካ ብቻ ይህን ያህል ይታለባሉ? አሁን ሌላ ሆቴል ይልክልኛል። ወተቱም ወደዚያው ነው የሚሄደው፤ አትቀየሚኝ።"

አልተቀየምኩም። ተመልሼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁና በጣቴ ቆጠርኩ።

ከስምንቱ ምልልስ አምስቱ ቆሻሻ አልነበረም። ምግብ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ማንም ቆሻሻ ብሎት አያውቅም፤ አዴ ጤቤም፣ ኦቦ ኢታናም፣ ላሞቹም። ቆሻሻ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ በወረቀት ላይ፣ በቀይ አስምሬ። ቆሻሻው ሦስት ምልልስ ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት ነው ሰውየውን ያስባረርኩት።

ነገ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 6

አልነገርኳቸውም።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ መቶ ሃያ ሰው ስብሰባ ነበረው። ርዕሱ "ጽዱ ከተማ"። እኔ አልፈጠርኩትም፣ ባነሩ ላይ ተጽፎ ነው ያየሁት።

ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከምሳ በኋላ ማሽኑን ሊያሳዩ ተዘጋጁ። አዴ ጤቤ ለለቅሶ ገሰራ ሄደዋል። እሳቸው ከሌሉ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። አስተናጋጆቹ የመቶ ሃያውን ሰው ትራፊ ከሶፍቱ፣ ከሃይላንዱ፣ ከካርቶኑ ጋር ሞጀሩት። እኔ ላይ ቤት ክፍል ቁልፍ እየፈለግኩ ነበር። ስወርድ ተሰብሳቢው ደረጃው ላይ ቆሟል፣ ሐጂም ቁልፉን ተጭነዋል።

ሆዳሙ አጉረመረመ። መጀመሪያ ወጡ መጣ። ከሥሩ ወጣ፣ በደረጃው ወረደ፣ በጽዱ ከተማ ጫማዎች መሀል አልፎ ወደ ፏፏቴው ሄደ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። እስሩ መሀል ላይ ሙሉ ዳቦ ተጣብቋል፤ ያልተነካ፣ ሶፍት የተለጠፈበት።

ሐጂ መንገድ ላይ የወደቀ ዳቦ ሲያዩ ጎንበስ ብለው የሚያነሱ፣ ስመው አጥር ላይ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በነጩ ጀለቢያቸው ቁጢጥ አሉ። "አስተግፊሩላህ… ኒዕማ እኮ ነው፣ የአላህ ጸጋ" እያሉ ዳቦውን በጣታቸው ይጎትታሉ። አልወጣ አለ። እጃቸው ቀላ። የሳቀ ሰው የለም። እኔም አልሳቅኩም፤ እኔ እንኳ።

"ማነው እህል ያስገባው?" አሉ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ "እኔ ነኝ ሁሉም ይግባ ያልኩት።"

ያኔ አፌ ተከፈተ። ወጥ የፈሰሰበት ደረጃ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስምንቱ ቆሻሻ እንዳልነበረ። አምስቱ ለፈርዶሳ ላሞች እንደነበር። የማኪያቷቸው ወተት ከዚያ እንደነበር። ቴክኒሻኑ ለደረቅ ነው ሲል ሰምቼ ዝም እንዳልኩ።

"የላሞቹን መቼ አወቅሽ?"

"ከአራት ቀን በፊት።"

"ከአራት ቀን በፊት…" ብለው ተነሡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 11

ሆዳሙ በስምንት ሰው ተገፍቶ ጓሮ ገባ። ኅዳር 12 ቀን ያልኩት ቦታ ላይ። "ብዬ ነበር" ማለት እንዴት እንደሚያምረኝ… ዋጥኩት።

"ጥናቱን እንደ አዲስ ጻፊ" አሉ ሐጂ። "ሰውየውንም ለምነሽ መልሺው።"

"እኔ?"

"ደብዳቤውን ማን ጻፈው?"

ታኅሣሥ 13

የስንዴ መድረሻ ነው፣ ጋሪ ሁሉ ጆንያ ጭኗል። ኦቦ ኢታናን ወፍጮ ቤቱ ደጅ አገኘኋቸው። ትከሻቸው ላይ ዱቄት። ቦራ ከስቷል ወይስ ለእኔ መሰለኝ?

"ሥራ አለኝ" አሉ፣ ምንም ሳልናገር።

"አውቃለሁ።"

"በእናንተ በኩል ማለፍ ግን አልቻልኩም። ይሄ ጉደኛ ኋላ በራችሁ ላይ ይቆማል። ጆንያ ብጭንም ይቆማል፣ ሰው ብጭንም ይቆማል። አለንጋ ባሳየው አይነቃነቅም። ተሳፋሪው እኔን ይሰድበኛል።"

መንገድ ላይ አንድ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ሐጂና ስለ ማኪያቶ። ጥሩ ቀልድ ነበር። አልወጣ አለኝ። "ኦቦ ኢታና፣ አጥፍቻለሁ። ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። የእርስዎን እንጀራ ነው የቆረጥኩት። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

የቦራን ልጓም ሲያስተካክሉ ቆዩ። ቀድሞም የተስተካከለ ነበር።

"አስብበታለሁ" አሉና ሄዱ።

ታኅሣሥ 14

አልመጡም።

ታኅሣሥ 15

አልመጡም። የጥናቱን የመጀመሪያ ገጽ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ።

ታኅሣሥ 16

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቦራ ኋላ በር ላይ ቆሟል። ኦቦ ኢታናም አብረውት።

"አካም ቡልቴ፣ ሰሚያ?"

"ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ ኢታና።" ሌላ ቃል ብጨምር እንደማለቅስ ስለገባኝ በርሜል አነሣሁ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ማሽኑን ማየት ፈለጉ። በስሙ ተባረሩ እንጂ ለካ ቀርበው አይተውት አያውቁም። ዞሩት። በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ምን ይበላል?"

"መብራት።"

"ሲጠፋስ?"

"ይጾማል።"

ሳቁ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቁ ገና አሁን አየሁ።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። ካርቶን፣ ሃይላንድና ሶፍት ለሆዳሙ። ፍርፋሪና ልጣጩ በበርሜል፣ በሳምንት አምስት ቀን ለፈርዶሳ። ሦስቱ የቆሻሻ ምልልስ በሆዳሙ ምክንያት አንድ ሆኗል፤ ለዚህስ ላመስግነው። ድምሩ ስድስት። ሐጂ ትናንት አንብበው "ስድስት?" አሉ። "ስድስት" አልኩ። ፈረሙ።

ጥናቱን ለኦቦ ኢታና ዘረጋሁላቸው። አራቅ አድርገው አዩት።

"መነጽሬን አልያዝኩም። አንብቢልኝ።"

የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ የመነጽሩ እጀታ ብቅ ብሎ ይታያል። አነበብኩ፦ "የማመላለሱ ሥራ እንደ ቀድሞው በኦቦ ኢታና ይከናወናል…"

"የማን ኢታና?" አሉ። "ሮቤ ውስጥ ኢታና ብዙ ነው።"

እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ። "የአባትዎ ስም ማን ነው?"

"ሙለታ።"

ከኢታና ቀጥሎ ጻፍኩት። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ። "ኤዬ" አሉና የመጀመሪያውን በርሜል ጫኑ።