የአዴ ዘይነባ ሲባጎ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ዛሬም ሦስት ወድቀው አደሩ። ትናንት ሁለት፣ ዛሬ ሦስት። የቃሪያ ችግኞቹ ልክ አፈሩ ላይ በምላጭ እንደተቆረጡ ሆነው ተጋድመዋል። ቅጠላቸው አልተነካም። የሚጥላቸው ምን እንደሆነ እንጃ፤ ካልበላው ለምን ይጥለዋል? ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የነፍሳትን ዕድገት ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስረዳለሁ። ጓሮ ስገባ ግን እኔው ራሴ የወደቅኩ ተማሪ ነኝ።

ጓሮው የአከራዬ የአዴ ዘይነባ ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት በክብር "አዴ" ትባላለች። አራት ዓመት ሆናቸው፣ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያዩም። ቅዳሜ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ድሬዳዋ፣ ልጃቸው ነጂማ ዘንድ ሄዱ። በር ላይ ቁልፉን እጄ ውስጥ አስቀምጠው "አስተማሪ፣ ጓሮዬን አደራ" አሉኝ። በቃ፣ ይህችኑ ብቻ።

ከደሴ ተዛውሬ ጀጎል ውስጥ እሳቸው ግቢ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ጓሮ ውስጥ ሲሠሩ ግን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይገባሉ። እኔ ስነሳ ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። የማያዩ ሰው ያን ሁሉ እንዴት እንደሚያደርጉት ጠይቄም አላውቅ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሚሠራ፦ አረም። ሬሃኑን (እኛ በሶብላ የምንለውን) አናት አናቱን መቀንጠብ። ሮማኗ ሥር ፍግ። የቧንቧው ውሃ ከመጣ በርሜሉን መሙላት። ሰላጣውን የሚለቅሙትን ወፎች አንድ ነገር ማድረግ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ወፎቹን አሸነፍኳቸው!

መሳቢያ ውስጥ የተበላሸ ካሴት ነበረኝ። ክሩን መዝዤ ሰላጣው ላይ ላንጠለጥለው አሰብኩ፤ ማሰሪያ ግን ጠፋ። ከግንቡ ሚስማር ተነስቶ በሮማኗና በሎሚው በኩል እስከ ቧንቧው የተወጠረ አሮጌ ሲባጎ አለ። ቀለሙ የለቀቀ፣ ሁሉም ቦታ የተቋጠረ፣ ለልብስ ማስጫ እንኳ የማይሆን፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ነገር። ሲበጠስ እየቀጠሉ የኖሩት ይመስላል። በመቀስ አሥራ አንድ ቁራጭ አድርጌ ቆራረጥኩትና የካሴቱን ክር አሰርኩበት።

ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ክሩ ሁሉ አብለጨለጨ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳየው ቆየሁ። አረንጓዴው ግንብ ላይ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። የአስር ሶላት አዛን ከአንዱ መስጊድ ተነሳ፣ ሌላው ተከተለው፣ ሌላው ደግሞ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዘግይተው። ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ነበርኩ መሰለኝ፤ ጓሮው ውሃ ሆኖ የሚወዛወዝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ነጂማ ደወለች፤ ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው። ስልኩን ለአዴ ሰጠቻቸው።

ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ "ቃሪያው እየወደቀ ነው?" አሉኝ። እንዴት አወቁ? "ዝናብ ሲጀምር እሱም ይጀምራል። ፀሐይ ሳትወጣ፣ የወደቀው ሥር አፈሩን በጣትሽ ገለጥ አድርጊ። ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ከዚያ አመድ ዙሪያውን።" 

ቆራጭ ትል! አስተምረዋለሁ እኮ!

ቀጥለው፣ "ውሃውን በሲባጎው ነው የምትሰጪው፣ እሺ? አንድ ቋጠሮ አንድ ጣሳ፣ ሁለት ቋጠሮ ሁለት ጣሳ። ሲባጎውን ይዘሽ ሂጂ፣ እሱ ይነግርሻል።"

በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየሁ። ሰላጣው ላይ የካሴቱ ክር ያብለጨልጫል።

"ሰማሽኝ?"

"እሺ አዴ።"

"ነጂማ ትፈራለች። እኔ ምን እፈራለሁ? ዓይኔ እምቢ ቢል ሲባጎዬ አለ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ነገ ቢላ ሥር ለሚተኛ ሰው ይህ በስልክ እንዴት ይነገራል? አልነገርኳቸውም። እሳቸው ጓሯቸውን የሚያዩበትን ነገር ነው ለወፍ ማስፈራሪያ ያደረግኩት። ሕክምናው ካልሆነ በገዛ ግቢያቸው መንገድ ሊጠፋቸው ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አይደለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በወደቀው ሥር አፈሩን ገለጥኩ፤ እውነትም እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ምንም የማያውቅ ይመስል። አራት አገኘሁ። አመድ ነሰነስኩ።

ቁርጥራጮቹን ከካሴቱ ፈትቼ አልጋዬ ላይ ደረደርኩ። አሥራ አንዱም አሉ። መቀጠል ጀመርኩና እጄ ቆመ። ሁለቱን ጫፍ ካሰርኩ አዲስ ቋጠሮ ይሆናል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የውሸት ጣሳ ነው። 

ከትምህርት ቤት ጊደር መጋላ ገበያ ሄድኩ፤ አዲስ ሲባጎ ገዝቼ ሁሉንም እንደገና ልቋጥር። ነጋዴው ናይለን ሰጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ስዳብሰው ሳቀ። "እህቴ፣ ገመድ በዓይን ነው አቦ የሚገዛው!" አለኝ። ያንሸራትታል፤ እጃቸው አያውቀውም። ትቼው የጆንያ መርፌና ክር ገዝቼ ተመለስኩ። ካልታሰረ ይሰፋል።

ማታ ነጂማ ደወለች። ሕክምናው አልቋል፣ ዓይናቸው ተሸፍኗል። ነገ ይፈታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 16

ዛሬ ክፍለ ጊዜ የለኝም፤ ስሰፋ ዋልኩ። ጫፍ ለጫፍ፣ በቀጭኑ፣ እንዳያብጥ። ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁ፤ ይገባኛል።

ቅደም ተከተሉ ነው ያስቸገረኝ። ሮማኗ ሥር የነበረው ሻጋታ ይዟል፤ ግንቡ ጋ የነበረው የሚስማር ዝገት አለበት። እንዲህ እያልኩ ዘጠኙን ለየሁ። ሎሚውና ቧንቧው መካከል የሚገቡት ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ የትኛው ይቀድማል? 

የሰፋሁትን ከሚስማሩ እስከ ሎሚው መልሼ ወጥሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከግንቡ ተነሳሁ፣ ሲባጎውን በግራ እጄ ይዤ። መጀመሪያ የውሃው ባሊ እግሬን መታኝ። ከዚያ ቀስ አልኩ። የሬሃኑ ሽታ ገና ሳልደርስበት መጣልኝ። የሮማኗ ቅጠል ጉንጬን ነካ፤ የሎሚው ጥላ ክንዴ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ወረደ። ጀጎል ሁሉ ሩቅ ሄደ። ጓሮው ሲታይ አሥር እርምጃ ነው፤ በጨፈነ ዓይን ግን ረጅም አገር ሆነብኝ፤ ከአንዱ ሽታ ወደ ሌላው እየተሻገርኩ ብዙ የሄድኩ መሰለኝ። አዴ በየጠዋቱ የሚኖሩት እዚህ ነው ለካ። ዓይኔን መግለጥ አስጠላኝ።

ሁለቱን በግምት ሰፋኋቸው፤ ውሃውንም በየቋጠሮው እየቆጠርኩ ሰጠሁ።

የነጂማ መልእክት፦ "ተፈታ። ብርሃኑ ጨምሯል ግን ሁሉም ነገር ደብዝዞባታል። ቀስ ይላል ብሏል ዶክተሩ።" ቀስ ይላል ማለት ይመጣል ማለት ነው? አልደፈርኩም ልጠይቅ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

የወደቀ የለም። አንድም!

ወፎቹ ግን ተመልሰዋል። ይብሉ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ከሰዓት መጡ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ጀምሮ በእግራቸው፣ የነጂማን ክንድ ይዘው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው። በሩን ስከፍት ፊቴን ተጠግተው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ።

"አንቺ ነሽ? በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ አድርጌሽ ነበር። ልጅ ነሽ እኮ!"

አርባ ዓመቴ ነው። ሳቅሁ።

ጓሮው አፍ ላይ ቆሙ። መነጽሩን አነሱ፣ ዓይናቸው አለቀሰ፣ መልሰው አደረጉት። "አረንጓዴው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣብኛል" አሉ። "ቃሪያው የቱ ነው፣ ሰላጣው የቱ፣ አልለየውም።" ድምፃቸው አነሰ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሲባጎው ያለበት ቦታ ላይ፣ ሳይሳሳቱ።

ሄዱ። ጣታቸው የመጀመሪያው ስፌት ላይ ቆመ። ወዲያ ወዲህ አሻሸው። ቀጠሉ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ ነጂማ ነገሩ አልገባትም። ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ዞሩ።

"አሥር ቦታ።"

"አዎ አዴ። አሥር ቦታ። አላወቅኩም ነበር፣ ለወፍ ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።" እንባዬ መጣ።

"ለምን አልቋጠርሽውም? ይቀል ነበር።"

"ቋጠሮ ውሃ ነው ብለውኛል።"

እጄን ይዘው ሲባጎው ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁራጮች ላይ አስቀመጡት።

"እነዚህን አቀያይረሻቸዋል። ስንት ቀን ነው ሎሚዬ የተጠማው?"

"ሦስት።"

"ዓይኔ ቢመጣም ባይመጣም ነገ ከሱብሒ በኋላ አብረን እንፈታዋለን። አንቺ ትሰፊያለሽ። አሁን ጣሳውን አምጪ።"

ጣሳውን አመጣሁ። ለሎሚው ሁለት ጊዜ ቀዳሁለት።