ክፍሉ ዝም ሲልሽ

ቆቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለራቢዓ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ማሽላውን ሰብስቦ ወፍ ከማባረር ስላረፈ፣ አሁን ሥራው እኔን መነዝነዝ ሆኗል። "ለልጅቷ መልስ ጻፊላት እንጂ!" ይለኛል በገባ በወጣ ቁጥር።

መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሐሳቤ ያለው ጂንካ ነው። "እማዬ፣ ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው አፋቸውን አይከፍቱም፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማስተማሩን እተወዋለሁ" ብለሻል። ገና ከመጀመርሽ! እኔም ያንኑ እንግሊዝኛ እዚህ ሳስተምር ስንት ዘመኔ፤ ዝም የሚል ክፍል ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግድግዳ እንኳ ሲመቱት ድምፅ ያሰማል።

ግን አንድ ነገር ላጫውትሽ። ባለፈው የገበያ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ሁለት የአፋር ነጋዴዎች ሲገናኙ አየሁ። ፍየሎቻቸውን ትተው ቁጭ አሉና፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው እየሰማ፣ ከዚያ ተራ እየተለዋወጡ፣ ዳጉ የሚሉትን ወሬያቸውን ያዙ። ይህን ሁልጊዜ አየዋለሁ። ያን ቀን ግን ምን እንደሚባባሉ የማወቅ ጉጉት ያዘኝና ሽንኩርቱን ረስቼ ጠጋ አልኩ። ሲጨርሱ አንደኛውን ጠየቅሁት።

"እህቴ፣" አለኝ በአማርኛ፣ "እሱ በመጣበት አገር እኔ አልነበርኩም። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ መንገዱ ሰላም እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። የማውቀውንማ ለምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?"

ክፍሌን እያሰብኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እኔ ክፍል ገብቼ እስክሪብቶ ከፍ አድርጌ "ይህ ምንድን ነው?" እላለሁ። ስልሳ ልጅ እስክሪብቶ መሆኑን ያያል፤ እኔም አያለሁ። ታዲያ ለማን ብለው ይመልሱልኝ?

በማግስቱ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኳቸውና "ጓደኛችሁ የማያውቀውን ወሬ በእንግሊዝኛ ንገሩት" አልኩ። መጀመሪያ መሳቂያ ሆንኩ። የራያ ልጆች መሆናቸውን ረስቼው! እንዴት ነሽ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ላሟስ፣ ጥጃዋስ፣ ጎረቤቱስ ሲባባሉ ደወል ተደወለ። ወሬው ሳይጀመር ክፍለ ጊዜው በሰላምታ አለቀ። አንቺ ከሞከርሽው ሰላምታው ከአንድ ጥያቄ እንዳያልፍ ገድቢው።

በሚቀጥለው ቀን ግን ኢቅራ የምትባል፣ ከሮቢት እየተመላለሰች የምትማር፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው "ካሜል ሲት። ሮድ። ኦል ካር ዌይት" አለቻት። ያን ጠዋት ያረፈደችው፣ አንድ ግመል አስፋልት መሃል ተቀምጦ መኪናውን ሁሉ አቁሞት ኖሮ ነው። ጓደኛዋ ጮኸች፤ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። የማን ግመል ነው? ለምን ተቀመጠ? ማን አስነሳው? ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም የተሰባበረ። ግመሉ የኢቅራ የአጎቷ ሆኖ ሲገኝማ የተሳቀውን ሳቅ ብትሰሚው! ላርማት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጥኩት። ስሕተቱን ለራሴ ይዤ ቆየሁና፣ ወሬው ካለቀ በኋላ የማን እንደሆነ ሳልናገር ሰሌዳ ላይ አብረን አረምነው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ወሬውን እያቋረጥሽ የምታርሚው ልጅ ነገ አያወራልሽም።

አንቺ ደግሞ ለዚህ ከእኔ ይልቅ ይመችሻል። ለአገሩ እንግዳ ነሽ፣ የማታውቂው ብዙ ነው። ከየትኛው መንደር እንደሚመጡ፣ ቤታቸው በስንት ቋንቋ እንደሚወራ፣ ገበያቸው ላይ ምን እንደሚሸጥ ጠይቂያቸው። እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁና የነገሩሽን ጻፊልኝ።

ይህን ስጽፍ በስልክ የምንነጋገረው ትዝ አለኝ። "በላሽ?" እልሻለሁ፤ "በላሁ" ትያለሽ። "ደህና ነሽ?"፤ "ደህና ነኝ"። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። እስቲ ዛሬ የማላውቀውን ልጠይቅሽ። ምንም ብትመልሺልኝ አልቆጣም፤ አባትሽም አይቆጣም። ማስተማሩን ልትተዪ ያሰብሽው ልጆቹ አላወራ ስላሉሽ ነው? ወይስ ከትምህርት ቤት ስትወጪ አንቺ የምታወሪው ሰው ስለሌለሽ?

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ቤትሽን አንኳኩቶ የሚገባ ጎረቤት ይስጥሽ።

ናፋቂሽ እናትሽ
ኡሙልኸይር