ኮምፒውተሩን እንዳትከፍተው

መምህር ይትባረክ፣

ኮምፒውተሩን እንዳትከፍተው። የወልቂጤዎቹ ጠጋኞች አይሆንም ስላሉኝ ሀብተወልድ የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ላመጣ ቡታጅራ ሄጃለሁ። አዲስ ነገር ካልተጫነበት የተሰረዘው ሊመለስ ይችላል ብሎ በስልክ ነግሮኛል።
ፊልም አትጫንበት። ፍላሽህንም አትሰካ፤ ቫይረሱን ያመጣው እሱ ነው።

ቫይረስ ላጽዳ ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል «አዶት» ብዬ የጻፍኩበትን ፎልደር ሰረዝክ። «ስሙ ራሱ ቫይረስ ነው» ብለህ ሳቅክ።
አዶት በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው።
የሟች እናቴ ፎቶ እዚያ ብቻ ነበር።

ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤን ለእንግዳህ ሁሉ ታወራለህ፤ አውራ። ግን ይህን ያህል አብረን ስንኖር አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ትናንት ጮኼብሃለሁ።
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ፎቶው ካልተመለሰ ግን ቤቱን ለብቻህ ተከራየው።

ናጃህ