ድርግም የሚለው ኮምፒውተር

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ስልህ ግን ኮምፒውተሩን ሳልጨምር ነው።

ትተህልን የሄድከው ይሄ ጉድ፣ ማድቤት ደርሼ ስመለስ ድርግም ብሎ ይጠብቀኛል። የጻፍኩት ሁሉ ውሃ በላው። ጠጋኙ ፈታቶ አቧራውን አራገፈ፣ ማራገቢያውን ቀየረ፣ «አሁን ቢጠፋ ከሙያዬ ልውጣ» ብሎ ፎከረ። በማግስቱም ያው ሆነ። ደግሜ ስጠራው «ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔም አልማርኩትም።

ትናንት ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። አባባ ቀስ ብሎ ገባና ሶኬቱን ነቀለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ በተዘጋው ስፌት ቤታችን ያደርግ እንደነበረው፣ ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቀለለው።

«ምነው አባባ?» አልኩት።

«እናትሽ ካውያውን ሳትነቅል ወጣች። የሰው ልብስ ልታቃጥል ነው፤ ንገሪያት እንጂ!»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩት።

ጠጋኙን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ማሽኑስ ጤነኛ ነው።

ባለቤትህንና ልጆችህን ሳምልኝ። ስትደውል ደግሞ እንደ ልማድህ «ማነኝ?» እያልክ አባባን አትቀልድበት። ቀድመህ ስምህን ንገረው።

እህትህ