ጨጓራ ነው ብለናቸው ነበር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለነዋል ባህሩዲን፣ ኖርዌይ፤

አሰላሙ አለይኪ። ይህ ደብዳቤ በሚደርስሽ ሰዓት አላህ ከነቤተሰብሽ በጤና ያቆይሽ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ልጅሽን ሒባን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ከአባትሽ ራስጌ ስለማይለይ ነው። ሐዋሳ ያያቸው ሐኪም የጉበታቸውን ነገር ወንድምሽን ዘከርያን ውጭ ጠርቶ ከነገረው ወዲህ፣ እኛ ለእሳቸው ጨጓራ ነው ብለናቸው ነበር። እሳቸውም አምነው ቡና ትተው፣ የቡላ አጥሚት እየጠጡ፣ በራችን ላይ የሚቆሙትን ባጃጆች እየተቆጡ ይውሉ ነበር። አንቺ ግን ደውለሽ በሽታው እንደማይድን በግልጽ ነገርሻቸው። ኋላም ለእኔ፣ «እዚህ ኖርዌይ ከታማሚ መደበቅ ነውር ነው፣ አካሉ የራሱ ነው» አልሽኝ። በክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። እኔም ከቡታጅራ መጥቼ የጌዴኦን ወግ ለምጄ አርጅቻለሁ፤ ሰው በኖረበት አገር መቃኘቱ አይቀርም። ነገር ግን ቡሌ የነበረችው አክስትሽ የታመመች ጊዜ፣ ክፉ ቃል ሰው ያደክማል ብለሽ ሁላችንንም ዝም ያሰኘሽን አንቺ ነበርሽ።

ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ ሰምታ «ባሕር ያሻገርሻት ልጅ መርዶ ነጋሪ ሆነችብሽ» አለችኝ። ልጄን አትንኪ ብዬ ተቆጣኋት። ቤት ስገባ ግን ቃሏን ለራሴ ደገምኩት።

አባትሽ አላለቀሱም። የሱቁን ቁልፍ ለዘከርያ ሰጡ፣ ባጃጆቹንም መቆጣት ተዉ። የከበደኝ ይህ አይደለም። እኔን ማመን ተዉ። አጥሚቱ ጨው የለበትም ብላቸው እንኳ ፊቴን ያያሉ። ዛሬ ጠዋት ፊታቸው ወዛ ቢልልኝ፣ ዛሬስ ደህና ነዎት አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። «ተይ አሲያ፣ ነዋል ስትደውል እጠይቃታለሁ» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ በስተርጅና ውሸታም ሆንኩባቸው።

ልጄ፣ የተነገረ ቃል አይመለስም። አትንገሪያቸው እንዳልልሽ አሁን የሚያምኑት አንቺን ብቻ ነው። ንገሪያቸው ልልሽም አንደበቴ እምቢ ይለኛል። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተላጭተው የአንቺን ስልክ ይጠብቃሉ። ሕመሙ ሲጠና ምን እንደሚሆኑ ሊጠይቁሽ ነው። አትቅሪባቸው። እኔ ያን ጊዜ በረንዳ እወጣለሁ።

ባልሽን ሙከሚልን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ሒባን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ዘከርያ ከነሚስቱ ሰላም ብሎሻል። የአባትሽን ሰላምታ አልጨመርኩም፤ የጻፍኩልሽን አያውቁም፣ ያላሉትንም አሉ ብዬ መጻፍ ከእንግዲህ ፈራሁ።

እናትሽ አሲያ
ዲላ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.